ጉርሻው ለማን ይሁን? (መልስ)

ጉርሻው ለአስተናጋጆች ብቻ ይሁን ወይስ ወጥ ቤቱም ይካፈል ብለው ለጠየቁት የምግብ ቤት ባለቤት፦ እባክዎ ያካፍሉ። እንግዳው ያመሰገነውን ምግብ የሠራው ምድጃ ፊት ላብ ሲያጠምቀው የዋለ ሰው ነው፤ የሳህን አጣቢዋም እጅ ውሃ ውስጥ ውሎ ተሸብሽቧል። በሥራ ሰዓት ልክ ይከፋፈል፤ እርስዎ ግን ከሣጥኑ አንዲት ሳንቲም አይንኩ።

ለሠራተኞችዎ ደመወዝ ከመጨመር ይልቅ በጉርሻ ለመሸፈን ማሰብዎን መጻፍዎ ግን አሳዝኖኛል። ገበያ በቀዘቀዘ ሳምንት ጉርሻ ይጠፋል፤ የሠራተኛው የቤት ኪራይ ግን አይቀርለትም። በብዙ ምግብ ቤቶች ጥሬ ዕቃና ደመወዝ ተደምረው ከሽያጩ 60 በመቶ ያህሉን ስለሚወስዱ፣ የደመወዝ ጭማሪው የግድ ከምግቡ ዋጋ ይመጣል። ከዚያ በፊት ግን በየማታው የሚደፋውን ምግብ ለ2 ሳምንት ይመዝኑ፤ ደመወዝ ሊሆን የሚችል ገንዘብ እዚያ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ አለ።