የመኪና ጥያቄና መልስ፦ ውሃ የሚያስገባ የቮልስ መስታወት

ጥያቄ፦ የ1969 ሞዴል ቮልስ አለኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር ሹፌሩ እግር ሥር ውሃ ይቋጠራል። የፊት መስታወቱ ጎማ ተሰነጣጥቋል። አንድ ጋራዥ ዙሪያውን ሲሊኮን ቢቀባልኝም ሁለት ወር ሳይሞላው ማፍሰስ ጀመረ። ጎማውን ራሴ መቀየር እችላለሁ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ይችላሉ፤ አንድ ረዳት ግን ያስፈልግዎታል። ሲሊኮኑን ይርሱት። የደረቀ ጎማ ላይ አይያዝም፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ደግሞ ሲደርቅ አሲድ ስለሚለቅ ላሜራውን ያዝገዋል። ውሃ የሚያግደው ጎማው መስታወቱንና ላሜራውን ቆንጥጦ ሲይዝ ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ጎማ ያደርቃል፣ ውርጩ ደግሞ የደረቀውን ያኮማትረዋል።

ከመግዛትዎ በፊት ሞዴሉን ያረጋግጡ፤ ሊብሬውን ብቻ አይመኑ። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር ተመትቷል፤ በ119 ከጀመረ 1969 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። በ1965 ሞዴል መስታወቶቹ ስለሰፉ ከዚያ በፊት ላሉት የተሠራ ጎማ አይሆንዎትም፤ የፊት መስታወቱ ጎበጥ ያለው፣ 1303 የሚባለው የቮልስ ዓይነት ጎማም እንዲሁ። ዙሪያውን ክሮም ካለው፣ የክሮም ቦይ ያለው ጎማ ይጠይቁ።

የድሮውን ጎማ ለማትረፍ አይድከሙ። መስታወቱ ላይ የተኛውን የውጭ ከንፈር በቢላ ዙሪያውን ቆርጠው ያንሱት። ከዚያ እርስዎ ከውስጥ ከላይኛው ማዕዘን ጀምረው በመዳፍዎ ሲገፉ ረዳትዎ ከውጭ ይቀበላል። ካቻቪቴ ሰክተው ካነሱት መስታወቱ ከጠርዙ ይሰነጠቃል።

ጎማው ሲነሳ ዝገት መታየቱ አይቀርም፣ በተለይ በታችኛዎቹ ሁለት ማዕዘኖች። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እስከ ንጹሕ ብረቱ ይፈግፍጉት፣ በ240 ያለስልሱት፣ አንቲረስት ከዚያም ቀለም ይቀቡት። ላሜራው ከተበሳ ባትላሜራ ጋ ይውሰዱት፤ ስቱኮ ሞልቶ ጎማ መግጠም ለአንድ ክረምት ቢያገለግል ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ ቀለሙን ሦስት ቀን ያቆዩት፤ ያልጠና ቀለም ጎማው ሲንሸራተትበት ይላጣል።

አዲሱን ጎማ መጀመሪያ መስታወቱን ያልብሱት። ክሮሙም አሁኑኑ ይግባ፣ በኋላ ያስለቅሳል። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 4 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የናይለን ሲባጎ ላሜራው በሚገባበት ቦይ ውስጥ ዙሪያውን ያስተኙ፤ ጫፎቹ ታች መሐል ላይ 20 ሳንቲም ያህል ይደራረቡና ወደ መኪናው ውስጥ ይንጠልጠሉ። ቦዩንና የላሜራውን ጠርዝ በሳሙና ውሃ ያርጥቡ። ቤንዚን፣ ዘይትም ሆነ ግራሶ አያስነኩት፤ ጎማውን ያሳብጠዋል።

ረዳትዎ መስታወቱን ከውጭ አማክሎ በሁለት መዳፉ ይጫን። እርስዎ የሲባጎውን አንድ ጫፍ ወደ መስታወቱ መሐል አቅጣጫ በዝግታ ይሳቡ፤ ሲባጎው ሲወጣ የጎማውን ከንፈር በላሜራው ላይ ገልብጦ ያስቀምጠዋል። ጥቂት በሳቡ ቁጥር ረዳትዎ እጁን ወደዚያው ያዛውር። አንዱን ማዕዘን ካለፉ በኋላ ሌላውን ጫፍ ይያዙ፤ ላይኛው መሐል ላይ ይጨርሱ። ተጠቅልሎ የቀረ ከንፈር ካለ በእንጨት ማንኪያ እጀታ ያውጡት። ጠዋት አይጀምሩት፤ ጎማው እስከ 6 ሰዓት ፀሐይ ላይ ይዋል ወይም ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይቆይ።

ከዚያ አንድ ሰው በባትሪ ከውስጥ እያየ፣ በጎማ ቱቦ ከታች ወደ ላይ ውሃ ይልቀቁ። መስታወቱ ዙሪያ ደረቅ ሆኖ ወለሉ ከረጠበ ኮፈኖውን ይክፈቱ። ከ1968 ሞዴል ወዲህ ያሉት ከመስታወቱ ፊት የአየር ማስገቢያ ሳጥን አላቸው፤ የውሃ መውረጃው በቅጠልና በአቧራ ይደፈናል። እንዲያውም ጎማ ሳይገዙ በፊት ይህን ቢያዩ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከጣርማ በር ስወርድ የቮልሴ የበር መስታወት ይንቀጫቀጫል። ዝናብ ከዘነበ በኋላ በሩን ስከፍት ደግሞ ውስጡ ውሃ ይንቦጫቦጫል። (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ በሩ ውስጥ ውሃ መግባቱ ብልሽት አይደለም፤ አለመውጣቱ ነው። ከበሩ ግርጌ ያሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ ይክፈቱ። የውስጥ ሽፋኑን ሲያነሱ ከኋላው ፕላስቲክ ካላገኙ ወፍራም ላስቲክ ቆርጠው ዙሪያውን ይለጥፉ፣ የታችኛው ጫፉ ወደ በሩ ሆድ ይግባ። ብዙ ሰው ቀዶ ይጥለዋል፤ ከዚያ ሽፋኑ ያብጣል፣ ወለሉ ይረጥባል።

የሚንቀጫቀጨው መስታወቱ የሚሄድበት ባለ ፀጉር ቦይ ስላለቀ ነው። ከእሱ ጋር መስታወቱን ከውስጥና ከውጭ የሚጠርጉትን ሁለት ጎማዎች ይቀይሩ። መስታወቱን እስከ መጨረሻው አውርደው ሥራውን ይጀምሩ፤ የዛጉ ክሊፖችን መልሰው አይግጠሙ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት የበሩ ጎማ በውርጭ ተጣብቆ ይቀደዳል። (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ማታ ጎማውን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ከፋርማሲ የሚገዛ ግሊሰሪን በስሱ ይቀቡት። ከተጣበቀ አይጎትቱ፤ በሩን መጀመሪያ ከውጭ ወደ ውስጥ ይግፉት፣ ውርጩ ሲሰበር ይክፈቱ። ትኩስ ውሃ አይድፉበት፤ ወዲያው መልሶ ይረጋል፣ መስታወቱንም ሊሰነጥቀው ይችላል።