የጉንፋን መሰል ቫይረሶችን በላቦራቶሪ ስለመለየት፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ሞለኪውላር ክፍል ነው፤ ቫይረሱን የምንለየው በፒሲአር፣ ማለትም ጂኑን እያባዛ በሚፈልግ ምርመራ ነው። ኢንፍሉዌንዛም አርኤስቪም (በተለይ ሕፃናትን የሚያጠቃ የመተንፈሻ ቫይረስ) ኮቪድም ይጠየቅ። ናሙናው መቼ እንደተወሰደና እንዴት እንደተጓጓዘ ሳትጽፉ ግን ስለ ውጤት አትጠይቁኝ።

ሳሮን፦ ጋሼ፣ ኢንፍሉዌንዛ ኤ ፖዘቲቭ ወጣልን፤ ከንዑስ ዓይነቶቹ ኤች1ም ኤች3ም ግን አልወጣም። ማሽኑ ይሆን?

መልስ፦ ማሽኑን ተዪው። «ኤ» የሚያሰኘው ብዙ የማይለዋወጠው የኤም ጂን ነው። ንዑስ ዓይነቱ የሚታወቀው በሄማግሉቲኒን (በቫይረሱ ላይኛው ገጽ ያለ ፕሮቲን) ጂን ነው፤ እሱ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። የሲቲ ቁጥሩን፣ ማለትም ፒሲአሩ ቫይረሱን እስኪያገኝ ስንት ዙር እንደፈጀ እዪ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ቫይረሱ አነሰ ማለት ነው። 36 ከሆነ ቫይረሱ ስላነሰ ነው፤ አዲስ ናሙና ውሰጂ። 25 ሆኖ ንዑስ ዓይነቱ እምቢ ካለ ግን ቀሪውን ናሙና እንዳትጥዪ፤ ዛሬውኑ ለብሔራዊው የኢንፍሉዌንዛ ላቦራቶሪ አሳውቂ። እ.ኤ.አ. በ2009 ወረርሽኝ ያስነሳው ኤች1ኤን1 አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተያዘው እንዲህ ነው፤ የካሊፎርኒያ ሕፃናት ናሙና «ኤ» ሆኖ ከወቅታዊዎቹ ከአንዱም ጋር አልገጥም አለ። ያን ናሙና አንድ ሰው «ልክ አልሠራም» ብሎ ቢደፋው ኖሮ አስቢው።

ደረጀ፦ ከሁሉም የሚሻለው ምርመራ የቱ ነው?

መልስ፦ ለምን ጉዳይ? ለሕክምና፣ ለቅኝት ወይስ ለጥናት?

ብሩክ፦ የ15 ደቂቃው ፈጣን ኪት እያለ ለምን እንደክማለን?

ሐና፦ እሱ ኔጌቲቭ ያለውን ስንቱን በፒሲአር ፖዘቲቭ አግኝተናል!

ብሩክ፦ ፒሲአር የሌለው ጤና ጣቢያስ ምን ይሁን?

መልስ፦ በጉንፋን ወቅት ፖዘቲቭ ካለ ተጠቀሙበት፤ ኔጌቲቭ ካለ ግን በሽተኛውን ነጻ ነህ አትበሉት። ኤች1ን ከኤች3 አይለይም። በቃ፣ ክርክሩን እዚህ አቁሙ።

ትዕግስት፦ አርብ የተወሰደ ናሙና ማክሰኞ ደረሰን። ሁሉም ኔጌቲቭ ነው።

መልስ፦ መጀመሪያም ያልኩት ይህንኑ ነው! ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚቆየው 72 ሰዓት ነው። ከዚያ የሚያልፍ ከሆነ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ወይም ከዚያ በባሰ ቅዝቃዜ ይቀመጥ። የተራ ፍሪዘር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አይበቃም። የአርኔዝ ፒ ኮንትሮሉስ (ናሙናውና ምርመራው ደህና መሆናቸውን ማረጋገጫው)? እሱ የሰው ጂን ነው፤ ካልወጣ ወይ ስዋቡ (ናሙና መውሰጃው) በቂ ሕዋስ አልያዘም ወይ ምርመራው ራሱ አልሠራም፤ «ኔጌቲቭ» ተብሎ አይጻፍም። ቢወጣም አራት ቀን የቆየውን ናሙና አልተማመንበትም። በእንጨት ዘንግ ስዋብም አትውሰዱ።

ደረጀ፦ የሚሻለውን አልነገሩኝም።

መልስ፦ ጠይቄህ አልመለስክም።

ሐና፦ ቢ/ያማጋታ (ከኢንፍሉዌንዛ ቢ ሁለት ዘሮች አንዱ) ፖዘቲቭ ወጣልን።

መልስ፦ ከማርች 2020 ወዲህ በተፈጥሮ ሲዘዋወር በማረጋገጫ አልታየም። መጀመሪያ ፖዘቲቭ ኮንትሮሉ (ፖዘቲቭ መሆኑ የታወቀው ማነጻጸሪያ) ወደ ናሙናው አለመግባቱን እዪ፤ ቀጥሎ በሽተኛው በአፍንጫ የሚነፋውን ሕያው ክትባት ወስዶ እንደሆነ ጠይቂ። አራት ዓይነት የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ይዞ የነበረው ክትባት ያማጋታም ነበረበት። ሁለቱም ካልሆነ ናሙናውን አቀዝቅዢና ደውዪልኝ።