ኢኮኖሚክስ ተምሬ እህል መጋዘን ቁጭ አልኩ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በኢኮኖሚክስ የተመረቅኩት ዓምና ነው። የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ባንኮች ጋ ሳመለክት ከረምኩ፤ አንዱም አልጠራኝም። የሚወጣው ማስታወቂያ አብዛኛው አካውንቲንግ ነው የሚለው። “ወይም ተዛማጅ” ያለው ደግሞ ልምድ ይጠይቃል። አሁን ደብረ ማርቆስ አጎቴ እህል መጋዘን ውስጥ ገንዘብ እቀበላለሁ። ጓደኞቼ “ማስተርስ ቀጥይ” ይሉኛል፤ አጎቴም “ወጪውን እችላለሁ” ብሎኛል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል? (መ. ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ እህቴ መ.፣ ማስተርሱን ለአሁኑ ተይው። ሰው ስንቀጥር በተደጋጋሚ ያየሁት ነገር አለ። ሥራ ሳይሠራ ማስተርስ የያዘ ልጅ ለጀማሪ ቦታ ሲያመለክት “ይሄ አይቆይልንም” ይባላል። ከፍ ላለው ቦታ ሲያመለክት ደግሞ ልምድ የለውም። መሀል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሁለት ሦስት ዓመት ሠርተሽ፣ ምን እንደጎደለሽ አውቀሽ ብትማሪው ግን ሌላ ነገር ነው።

እኔ የተመረቅኩት በማኔጅመንት ነው፣ 1996 ዓ.ም.። አራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆሜ ስልክ ቁጥር ስገለብጥ ስንት ቀን እንደዋልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻ አንድ አስመጪ ድርጅት “ረዳት የሒሳብ ሠራተኛ” ብሎ ቀጠረኝ። ዓመት ሙሉ ግን ያሠራኝ ደረሰኝ መደርደር ብቻ ነበር። ማታ ማታ አለቅስ ነበር።

ያወጡኝ የድርጅቱ የሒሳብ ሹም ናቸው። ጋሼ ነበር የምንላቸው። አንድ ቀን የባንክ ማስታረቅ እንድሠራ ሰጡኝ። የባንኩ ስቴትመንትና የእኛ መዝገብ በ270 ብር ተለያየ። ሁለት ቀን ፈልጌ አጣሁት። ጋሼ አጠገቤ መጥተው “ለ9 አካፍይው” አሉኝ። 30 መጣ፣ ያለ ቀሪ። “በይ ቁጥር ሳይገለበጥ አልቀረም፤ የጠፋ ደረሰኝ ከመፈለግሽ በፊት እሱን እዪ” አሉኝ። እውነትም 4,630 ብር የሆነውን ቼክ 4,360 ብዬ መዝግቤው ኖሯል። ሁለት አሃዝ ቦታ ሲለዋወጥ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። ይህን ክፍል ውስጥ ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ ሒሳብ የእኔ ሥራ ሆነ።

ስለዚህ የአጎትሽን መጋዘን አትናቂው። አንቺ ገንዘብ መቀበያ ብቻ አድርገሽ ነው ያየሽው። እስቲ ነገ ደብተር ግዢ። በአንድ በኩል የገባውን ኩንታል፣ በሌላ በኩል የወጣውን፣ ቀንና ዋጋውን ጨምረሽ ጻፊ። ጥር ላይ የተገዛው ጤፍ ነሐሴ ላይ ሲሸጥ አጎትሽ አተረፍኩ ይላል። በእርግጥ አትርፏል ወይ? የጫኝና አውራጁን፣ የጆንያውን፣ የመጋዘኑን ኪራይ ቀንሺ። ከዚያ ዋናውን ጥያቄ ጠይቂ፦ ያ ገንዘብ ሰባት ወር ከሚተኛ፣ ሦስት አራት ጊዜ ቢገላበጥ ምን ያህል ያመጣ ነበር? ለፈተና ያጠናሽው ኦፖርቹኒቲ ኮስት ይኸው ነው፣ ከነጆንያው። በቆሎውን ለብቻው ያዢው፤ ጤፍን ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም፣ በቆሎን ግን ይጨርሰዋል። ያ ኪሳራም ይመዝገብ።

ይህን ስድስት ወር የያዘች ልጅ ባንክ ብትጠራ የምትናገረው አላት። ለእህል ነጋዴ ብድር የሚያጠና ባለሙያ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። መቼ ይገዛል፣ መቼ ይሸጣል፣ በየትኛው ወር እጁ ያጥረዋል? ብዙ አመልካች ይህን አያውቅም። ባንኩ ውስጥ መግቢያሽ ቴለርነት ቢሆንም ግቢ፤ ዓይንሽ ግን ብድር ክፍሉ ላይ ይሁን። ማይክሮ ፋይናንሶቹንም አትዝለያቸው። ወረዳ ድረስ ስለሚወርዱ አንቺን የመሰለ ሰው ይጠቅማቸዋል።

የሒሳቡን ሥራ ለመልመድ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር አጭር ኮርስ ውሰጂ፤ ከኤክሴል ጋር። ሐምሌ 1 የበጀት ዓመቱ ይጀምራል። ከዚያ እስከ ጥቅምት 30 የደረጃ “ሀ” ግብር ከፋዮች ሒሳባቸውን የሚዘጉበት ወቅት ስለሆነ የሒሳብ ቢሮዎች ሥራ ይበዛባቸዋል። ሰኔ ላይ ሄደሽ “ላግዛችሁ” በያቸው። ክፍያው ትንሽ ቢሆን እንኳ ደረሰኝ፣ ቫት፣ ፔይሮል በእጅሽ ያልፋል።

ኤሲሲኤን (የእንግሊዙን የሒሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ) ሳትጠይቂኝ ላንሳው፤ ብዙ ሰው ያነሳብሻልና። 13 ፈተና ነው። በኢኮኖሚክስ ዲግሪ የሚቀነስልሽ ጥቂት ነው። ክፍያው በፓውንድ ስለሆነ፣ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ በጣም ከብዷል። ደመወዝ ሳይኖርሽ አትጀምሪው።

ስታቲስቲክስ የምትወጂ ከሆነ ግን ሌላም በር አለ። የኩባንያ አክሲዮን የሚገበያይበት ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2017 ሥራ ጀምሯል። የኩባንያ ሒሳብ አንብቦ የሚተነትን ሰው ይፈልጋል። የባንኮችን ዓመታዊ ሪፖርት ከድረ ገጻቸው አውርደሽ ማንበብ ከአሁኑ ልመጂ።

ለአጎትሽ ደግሞ የማስተርሱን ገንዘብ እንዲያቆይልሽ ንገሪው። ደብተሩ ሦስት ወር ሲሞላው ጻፊልኝ። ሒሳቡ አልገጥም ካለሽ መጀመሪያ ለ9 አካፍይው፤ ካልተካፈለ ልዩነቱን ላኪልኝና አብረን እንፈልገዋለን።