ሪቡት ሳታደርጊ አትውጪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልመሰለኝ ለዛሬ አሳደርኩት። ላላያችሁት፦ እህታችን እዚሁ አዳማ ሁለት ዓመት ሄልፕ ዴስክ ሠርታለች። አሁን ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ሥራ መግባት ትፈልጋለች። ከሁለቱ የሊኑክስ ሰርተፊኬቶች፣ ከኤልፒክና ከሬድ ሃት፣ የቱን ልያዝ፣ ስንት ወር ይፈጅብኛል፣ 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ይበቃል ወይ፣ መብራቱንና ኢንተርኔቱንስ እንዴት ቻላችሁት ብላ ጠይቃለች። ከሥር አንድ ወንድማችን «ምን ያደክምሻል፣ ደምፕ ሸምድደሽ ግቢ» ብሏታል።

ከደምፑ ልጀምር። ደምፕ ከፈተና ሾልኮ የወጣ ጥያቄና መልስ ነው። ስትፈተኚ የፈተናውን ይዘት ላታወጪ ትስማሚያለሽ፤ ከተነቃብሽ ሰርተፊኬትሽ ይሰረዛል። እሱን እንኳ እንተወው። ለምርጫ ጥያቄ ሽምደዳ ያስኬድ ይሆናል። የሬድ ሃት ፈተና የሆነው አርኤችሲኤስኤ ላይ ግን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የሚባል ነገር የለም። ማሽን ይሰጥሻል፣ የሥራ ዝርዝር ይሰጥሻል፣ 3 ሰዓት ይሰጥሻል። በቃ። ኢንተርኔት የለም፣ ጉግል የለም። ወይ ሠርተሽዋል ወይ አልሠራሽውም።

እኔ ሁለቱንም ወስጃለሁ። ኤልፒክ 1 ሁለት ፈተና ነው፣ 101 እና 102። እያንዳንዱ 60 ጥያቄ በ90 ደቂቃ፤ ውጤቱ ከ200 እስከ 800 ሲሆን 500 ያመጣ ያልፋል። 5 ዓመት ያገለግላል። ዴቢያንና ሬድ ሃት የሚባሉትን ሁለቱንም የሊኑክስ ቤተሰቦች ስለሚነካ ሰፊ ነው፣ ብዙ ያስነብብሻል። ግን አልፈሽውም ሰርቨር ፊት ስትቀመጪ እጅሽ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። የእኔ ተንቀጥቅጧል። አርኤችሲኤስኤ ከ300 ቢያንስ 210 ይፈልጋል፣ የሚያገለግለው 3 ዓመት ነው። ሦስተኛም አለ፤ የሊኑክስ ፋውንዴሽኑ ኤልኤፍሲኤስ። እሱም የእጅ ፈተና ነው፣ 2 ሰዓት፣ ማለፊያው 67 በመቶ። ብትወድቂ አንድ ጊዜ በነጻ ያስደግሙሻል። በዶላር ለሚከፍል ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አንቺ ሁለት ዓመት ከሰው ኮምፒውተር ጋር ስትታገይ ስለቆየሽ ከዜሮ አትነሺም። የምልሽ በቀጥታ አርኤችሲኤስኤ ያዢ ነው። ይፋ የሆነውን የፈተና ዝርዝር አትሚና ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ከመመዝገብሽ በፊት ግን ፈተናው በሬድ ሃት ሲስተም ቨርዥን 9 ይሁን በ10 አረጋግጪ፤ ዝርዝሩ ይለዋወጣል።

አሁን ወደ ራሴ ውርደት።

መጀመሪያ ስፈተን ወድቄያለሁ። ሳምንት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። ጥያቄዎቹን መናገር አይፈቀድም፣ ስህተቱ ግን የራሴ ነው። ነገሩም ይፋ ዝርዝሩ ላይ ያለ ተራ ነገር ነው፦ ዲስክ ላይ ፋይል ሲስተም (የፋይሎች አቀማመጥ) ሠርቶ፣ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ራሱ ማውንት እንዲሆን (ከሲስተሙ ጋር እንዲያያዝ) ኤፍኤስታብ የሚባለው ፋይል ውስጥ አንድ መስመር መጻፍ። የፋይል ሲስተሙን ዓይነት «ኤክስኤፍኤስ» ማለት ሲገባኝ ሁለቱን ፊደላት አዟዙሬ «ኤክስኤስኤፍ» ብያለሁ። አስቀድሜ በእጄ ማውንት አድርጌው ስለነበር ዲስኩ አለ፣ ይታየኛል፣ ሁሉም አማን ነው። 25 ደቂቃ ተረፈኝ። ሪቡት ላድርግ (ማሽኑን አጥፍቼ ላስነሳ) ወይስ ልተው? ፈራሁ። «የሚሠራውን ነገር ምን አነካካኝ» ብዬ ወጣሁ።

የሚታረመው ግን ሪቡት ከተደረገ በኋላ በቆመው ነገር ነው። ማሽኔ ሲነሳ ያቺን መስመር አነበበ፣ እንዲህ የሚባል ፋይል ሲስተም አላውቅም አለ፣ ኢመርጀንሲ ሞድ (ለጥገና ብቻ የሚከፈት ሁኔታ) ላይ ቆሞ ቀረ። ካልተነሳ ደግሞ እዚያ ማሽን ላይ የሠራሽው ሁሉ፣ ዩዘሩም ፋየርዎሉም ክሮኑም (በሰዓቱ ራሱ የሚሠራው ትዕዛዝ)፣ አብሮ ገደል ይገባል። ውጤቱ በኢሜይል ሲመጣ ከግማሽ በላዩ ዜሮ ነበር። ምክንያቱ አልገባኝም። ከሁለት ቀን በኋላ ቤት መለማመጃ ማሽኔ ላይ ያንኑ ሥራ ስደግም ጣቴ ያንኑ ስህተት ሠራ። ስክሪኑን እያየሁ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ኤፍኤስታብ ከነካሁ ዲስኩን መጀመሪያ አንማውንት አድርጌ «ማውንት ማይነስ ኤ» (ፋይሉ ላይ ያለውን ሁሉ አያይዝ የሚለው ትዕዛዝ) ሳልል አልነሳም። ዝም ካለሽ ደህና ነው፤ ከጮኸ ገና ማሽኑ በእጅሽ እያለ ነው የጮኸው። ሌሎቹም ወጥመዶች የዚሁ ዘመዶች ናቸው። ፋየርዎል ስትከፍቺ «ፐርማነንት» ካላልሽ ሪቡት ሲሆን ይረሳዋል። ሰርቪስ (ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) «ስታርት» ብቻ ብለሽ «ኢኔብል» ካላልሽ እንደዚያው። የኤስኢሊኑክስ (የሊኑክስ የደህንነት ጠባቂ) ቡሊያን፣ ማለትም ማብሪያ ማጥፊያ፣ ስትቀይሪ ትዕዛዙ ላይ ትልቋ ፒ ከሌለች እንደዚያው። ስለዚህ ልምምድሽን ሁሌ በሪቡት ጨርሺ። ፈተናው ላይም ቢያንስ 40 ደቂቃ ሲቀር ሪቡት አድርጊና ከላይ ጀምረሽ ሁሉንም ፈትሺ። የሚበላሽ ከሆነ አንቺ ፊት ይበላሽ።

ሆን ብለሽ ማበላሸትም ተለማመጂ። ኤፍኤስታቡን አበላሺና አድኚው። የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) ፓስወርድ የጠፋብሽ አስመስለሽ ማሽኑ ሲነሳ በሚመጣው በግራብ በኩል ገብተሽ ቀይሪው። እዚህ ላይ ኦቶሪሌብል የምትባለውን ባዶ ፋይል መፍጠር ከረሳሽ አዲሱን ፓስወርድ በትክክል ጽፈሽም አያስገባሽም። የኤስኢሊኑክስ ሌብሉ (ፋይሉ ላይ የሚለጥፈው ምልክት) ተበላሽቷላ። እኔ ይሄን ሃያ ጊዜ ያህል ደጋግሜዋለሁ፤ አሁን እንቅልፍ እያዳፋኝም እሠራዋለሁ።

ስለ ኤስኢሊኑክስ ካነሳሁ አይቀር፦ ብዙ ሰው የሚያውቀው ማጥፋቱን ብቻ ነው። አፓቺን (የዌብ ሰርቨር ፕሮግራሙን) ባልተለመደ ፖርት፣ በ8282 በይው፣ አስነሺ። እምቢ ይላል። ሎጉን አንብቢ፣ ፖርቱን በሴማኔጅ ትዕዛዝ አስመዝግቢ፣ ደግመሽ አስነሺ። አማራጮቹን መሸምደድ አያስፈልግሽም፤ ማን ፔጁ (የትዕዛዙ መመሪያ) ፈተናው ላይም አብሮሽ አለ። የሴማኔጅ ፖርትና የሴማኔጅ ኤፍኮንቴክስት ማን ፔጆች ታች ላይ ምሳሌ አላቸው። እሱን ቀድተሽ ቁጥሩን መቀየር ነው። መሸምደድ ካለብሽ መልሱ የትኛው ማን ፔጅ ላይ እንደሚገኝ ሸምድጂ።

ላፕቶፕሽ ይበቃል። ቨርቹዋል ቦክስ (ላፕቶፕሽ ውስጥ ሌላ ማሽን የሚያስነሳ ፕሮግራም) ጫኚ፣ ያለ ግራፊክስ ሁለት ማሽን አንሺ፣ ለእያንዳንዱ 2 ጊጋ ራም ስጪ። ሬድ ሃት ለግለሰብ በነጻ የዴቨሎፐር ሰብስክሪፕሽን ይሰጣል፣ እስከ 16 ማሽን። ካልሆነ ሮኪ ወይም አልማ ሊኑክስ ያው ናቸው። ማሽኑን ከማበላሸትሽ በፊት ስናፕሾት (መመለሻ ቅጂ) ያዢ።

ኢንተርኔቱን የቻልኩት በዚህ ነው፦ የሲስተሙን ሙሉ የዲቪዲ ኢሜጅ አንድ ጊዜ ብቻ አወረድኩ። 10 ጊጋ ገደማ ነው፤ በሞባይል ዳታ አትሞክሪው። ከዚያ ኢሜጁን ማውንት አድርጌ የራሴን ሪፖ (የፓኬጅ ማከማቻ) ሠራሁበት። ፓኬጅ የምጭነው ከእሱ ነው፣ ኢንተርኔት አያሻም። ሪፖ መሥራት ደግሞ ራሱ የፈተናው ዝርዝር ውስጥ ስላለ ችግሩ ልምምድ ሆነልኝ። መብራቱን በተመለከተ ኮረብታው ላይ የንፋስ ተርባይኖቹ ሽር ሽር ሲሉ እያየሁ ጨለማ ውስጥ የተቀመጥኩባቸው ምሽቶች አሉ። ምን ትያለሽ። እኔ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ እስከ 1 ሰዓት አጠና ነበር። መብራቱም ይሻላል፣ ሙቀቱም። በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ የአዳማ ሙቀትና ሁለት ቨርቹዋል ማሽን ተደምረው ላፕቶፑን ምጣድ ያደርጉታል። በዚህ አያያዝ አራት ወር ፈጀብኝ። አንቺ ሦስትም ሊበቃሽ ይችላል።

ከቤት መፈተን ይቻላል። የሬድ ሃቱ በፍላሽ በሚነሳ በራሳቸው ሲስተም ነው፤ በገመድ የሚሰካ ውጫዊ ካሜራም ይፈልጋሉ። ፍላሹን አስቀድመሽ አስነስተሽ ላፕቶፕሽ መቀበሉን ሞክሪ። ክፍሉን በካሜራ ታሳያለሽ፣ ሰው መግባት የለበትም። እኔ ይሄን ለአከራዬ መንገር ረስቼ፣ መሃል ላይ በሩን ከፍተው «ቡናው ደረሰ እኮ፣ ምን ዘግተህ ተቀመጥክ» አሉኝ። ፈታኟ ወዲያው በቻት ክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለ ጠየቀችኝ። አቦል ቡናን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ኤልቪኤም ከሚባለው የዲስክ አከፋፈል ይከብዳል። ሁለተኛውን ዙር ጄነሬተር ያለው የጓደኛዬ ቢሮ፣ እሁድ ቀን ተፈተንኩ። አለፍኩ።

ሰዓቱን ተጠንቀቂ። ቀጠሮው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አንድ ጓደኛዬ «9» የሚለውን ዘጠኝ ሰዓት ብሎ ምሳውን በልቶ፣ ተረጋግቶ ቀረበ። ፈተናው ያለፈው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነበር። ስምሽንም እንዲሁ። አካውንት ስትከፍቺ በፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው፣ በዚያው የላቲን ፊደል፣ እስከ አያትሽ ጻፊ። የእኛን ስም አራት ሰው በአራት ዓይነት ይጽፈዋል፤ ፈታኙ ግን ፊደል በፊደል ነው የሚያየው።

ክፍያው በዶላር ነው፣ ዋጋውም እንደየአገሩ ይለያያል። ብር በገበያ ይተመን ከተባለ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የድሮ ስሌት አይሠራምና የዕለቱን ምንዛሪ አይተሽ አስቢ። ባንክሽ ለኦንላይን ክፍያ የሚሆን ካርድ ካለው ጠይቂ። ለእኔ ውጭ ያለ ወንድሜ ነው በካርዱ የከፈለልኝ። የካርዱ ስም የእሱ ቢሆንም የተፈታኙ ስም የእኔ ነው፣ ችግር አልነበረውም።

የዲቪዲ ኢሜጁ ፍላሽ ላይ አለኝ። ፍራንኮ አካባቢ ነው የምሠራው። ቅዳሜ ከ4 ሰዓት በኋላ ከመጣሽ 16 ጊጋ ፍላሽ ይዘሽ ነይ፣ እገለብጥልሻለሁ። ፍላሹን በኤክስፋት ፎርማት አድርጊው፤ ፋት 32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።