ላሊበላ ለገና ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ ስለ መንገዱ እንነጋገር

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። አንዱ ከዳላስ፣ ሌላው ከፍራንክፈርት። «ለገና ላሊበላ ልንሳለም ነው፣ በመኪና ይሻላል ወይስ በአውሮፕላን?» ይሉኛል። በሁለቱም ሄጄበታለሁ። ብቻዬንም ሄጃለሁ፣ እናቴን ይዤም ሄጃለሁ።

መልሴን ላስቀድም። ከውጭ የምትመጡ፣ በተለይ አዛውንት ወይም ሕፃን ከያዛችሁ፣ በአውሮፕላን ሂዱ። በቀጥታ ከሆነ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ትኬቱን ከባሕር ማዶው በረራ ጋር አብራችሁ ቁረጡ፤ በዚያው አየር መንገድ ከውጭ ለሚገባ ሰው የአገር ውስጥ ቅናሽ እንዳለም ጠይቁ። ለገና ከሆነ ደግሞ አትዘግዩ። ታኅሣሥ ከገባ በኋላ ወንበር ማግኘት ጭንቅ ነው። የአገር ውስጥ በረራ ብዙ ሻንጣ ስለማይፈቅድ ትልልቁን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አስቀምጡ።

አውሮፕላን ማረፊያው ታች ቆላው ላይ ነው፣ ከተማዋ ደግሞ ላይ። በመካከሉ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ዳገት አለ። ስለዚህ የምታርፉበት ሆቴል መኪና እንዲልክላችሁ ቀድማችሁ ደውሉ፣ ዋጋውንም እዚያው ስልክ ላይ ጨርሱ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። የደረሳችሁ ዕለት አትሩጡ፣ ውኃ ጠጡ።

የመኪናው መንገድ ግን የአገር ፍቅር ያለበት ነው፣ አልዋሽም። በደብረ ብርሃን አልፎ፣ ጣሊያን የቆፈረውን የጣርማ በር ዋሻ ሾልኮ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ወልድያ። ከወልድያ ሽቅብ ወደ ጋሸና፣ ከጋሸና ደግሞ ወደ ቀኝ ታጥፎ ላሊበላ። ጋሸና ላይ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል፤ ጋቢ ካልያዛችሁ ትቆጫላችሁ። እኔና እናቴ አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ በኮንትራት ላንድክሩዘር ሄድን። ከጋሸና ትንሽ እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። መሽቷል፣ ካፊያም ጀምሯል። የአካባቢው ገበሬዎች ደርሰው ድንጋይ አቀበሉን፣ አንዷ እናት ለእናቴ ዱካ አውጥታ አስቀመጠቻት። ላሊበላ ስንገባ እግሯ እንደ ትራስ አብጦ ነበር። ያን ቀን የእኔ ጥፋት ግልጽ ነበር፦ ወልድያ ወይም ደሴ አድረን ጠዋት መነሳት ነበረብን።

በአውቶቡስ ለሚሄድ ወጣትም ምክሩ ያው ነው። ወልድያ ማደር፣ ጠዋት ከመናኸሪያ ሚኒባስ መያዝ። የአውቶቡሱ ሰዓት በሀበሻ አቆጣጠር መሆኑን ውጭ ተወልደው ላደጉ ልጆቻችሁ ንገሯቸው። «11 ሰዓት» ማለት ከንጋቱ በፊት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገዱ ዛሬ ክፍት፣ ነገ ዝግ ሊሆን ይችላል። በረራም ተቋርጦ እንደገና የተጀመረበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ፌስቡክ ላይ ያያችሁትን ይዛችሁ አትውጡ። አዲስ አበባ ያለው ዘመድም ብዙ ጊዜ አያውቅም። ላሊበላ ያለውን የሆቴል ሰው፣ ከተቻለም በዚያው ጠዋት ከዚያ የመጣ ሾፌር ጠይቁ። «አትምጡ» ካሏችሁ፣ ትኬት ቢቃጠልም አትሂዱ። የአካባቢው ሰው እንግዳ ይወዳል፣ ኑሮውም ከእንግዳ ነው። እሱ አትምጡ ካለ ምክንያት አለው።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው የመመለሻውን ቀን ነው። ከላሊበላ ወርዳችሁ ማታውኑ ለዋሽንግተን ወይም ለለንደን አትሳፈሩ። ቢያንስ ሁለት ሌሊት አዲስ አበባ ላይ ይትረፋችሁ። ጭጋግ አንድ በረራ ቢያስቀር የምታጡት አንድ ቀን ብቻ ይሆናል።

ጥሬ ብር በቂ ያዙ፣ ካርድ ላይ አትተማመኑ። ፓስፖርትና ቢጫ ካርዳችሁ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው) ኬላ ላይ ስለሚጠየቅ ከእጃችሁ አይለይ። ለእናቶች ደግሞ ወፍራም ካልሲ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጫማ ይወልቃል፣ የታኅሣሥ ጠዋት ድንጋይ ደግሞ እንደ በረዶ ነው። እናቴ የገናው ዝማሬ «ቤዛ ኩሉ» እስኪያልቅ ሁለት ካልሲ ደርባ ነው የቆመችው።