ቫርኒሽ የተቀባ የድንጋይ ግድግዳ ለምን ይረጥባል?

የዛሬዋ ጠያቂ ጎንደር ውስጥ ከአያቷ የወረሰችውን የድንጋይ ቤት ወደ እንግዳ ማረፊያ የቀየረች ናት። እንዲህ ትላለች፦ «ጋሼ፣ ግድግዳው 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ድንጋይ ነው። ከውጭ መጋጠሚያውን በሲሚንቶ አስሞላሁት። ድንጋዩ እንዲያበራም ቫርኒሽ አስቀባሁት። ከውስጥ በጀሶ አስለስኜ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም አስቀባሁ። ክረምት ሲገባ ቀለሙ አበጠ፤ ከሥሩም ነጭ ዱቄት ይወጣል። ደግሜ አስቀባሁት፣ ያው ሆነ። አሁን ደግሞ ሳሎን የሰቀልኩት ትልቅ የሸራ ሥዕል ጀርባው ሻግቷል። ለጥምቀት እንግዶች አሉብኝ። ውሃ የማያስገባ የሚባለውን ቀለም ብቀባው ይሻለዋል?»

አይሻለውም፣ እህት ዓለሜ። ብርሽን አታባክኚ። ያ ቀለም ውሃውን ግድግዳው ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጠዋል እንጂ አያወጣውም።

የጎንደር ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። ባዛልት ውሃ አይጠጣም ለማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ግድግዳ የሚተነፍሰው በድንጋዩ ሳይሆን በመጋጠሚያው ነው። የአያትሽ ቤት መሃሉ በጭቃ ወይም በኖራ የተሞላ መሆን አለበት። ሁለቱም ዝናብ ሲመጣ ትንሽ ይጠጣሉ፤ ፀሐይ ሲወጣ መልሰው ይተፋሉ። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው። ግድግዳው በሙቀትና በብርድ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ከድንጋዩ ጠርዝ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይፈጥራል። ዝናቡ በዚያ ይገባል፤ መውጫውን ደግሞ ሲሚንቶውና ቫርኒሹ ዘግተውታል። ስለዚህ ወደ ቤት ውስጥ ይጓዛል። ጀሶ ውሃ ወዳድ ስለሆነ ይቀበለዋል። ውሃው ከጭቃውና ከሲሚንቶው ያሟሟውን ጨው ይዞ ይመጣል፤ ቀለሙ ሥር ሲደርስ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ነጩ ዱቄት እሱ ነው። ጨው ሲደርቅ ስለሚያብጥ ቀለሙን ገፍቶ ይጥለዋል። አሥር ጊዜ ብትቀቢው አሥር ጊዜ ይጥለዋል።

ምሳሌ ከፈለግሽ ሩቅ መሄድ የለብሽም። የፋሲል ግቢ ግንቦች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆሙት በዚሁ ድንጋይና በኖራ ነው። በጣልያን ጊዜ በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት የተጠገኑ ቦታዎች ነበሩ። በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የመጡት አዳሾች ወደ ኖራው ተመልሰዋል።

መዶሻ ከማንሳትሽ በፊት ግን ውሃው ከየት እንደሚመጣ እዪ። እርጥበቱ ከወለል ተነስቶ አንድ ሜትር ገደማ ላይ በአግድም የሚቆም ከሆነ ከመሬት ነው። ከጣሪያ ሥር ከጀመረ አሸንዳው ወይም ቆርቆሮው ነው። በመስኮት ዙሪያና እዚህም እዚያም ከሆነ በመጋጠሚያው የሚገባ ዝናብ ነው። ካልለየልሽ ከውስጥ በኩል ቀለሙን ትንሽ ፍቀሽ፣ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ለጥፊበት። ሁለት ቀን ጠብቂ። ላስቲኩ በግድግዳው በኩል ከረጠበ እርጥበቱ ከግድግዳው ነው። በክፍሉ በኩል ከረጠበ ግን የእንግዶች ትንፋሽና የሻወር እንፋሎት ብርድ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ነው፤ ያኔ የሚያስፈልግሽ ግንበኛ ሳይሆን የሚከፈት መስኮት ነው።

ከውጭ ጀምሪ። በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ውሃውም ከግድግዳው ርቆ ይፍሰስ። ግድግዳው ሥር ድረስ የተጠጋ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ካለ አንድ ክንድ ያህል አስነሺውና ጠጠር ሙዪበት። ደግሞ «ዘመናዊ ዲዛይን» ተብሎ ጣሪያውን ከግንብ ጀርባ የደበቁብሽ ከሆነ ውስጠኛውን አሸንዳ ወጥተሽ እዪው። ይሄ ፋሽን ለፎቶ ያምራል፣ ለሐምሌ ዝናብ ግን አልተሠራም። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ዙሪያውን ዞረሽ ተመልከቺ፤ የሣር ክዳኑ ከግድግዳው ርቆ ነው የሚወርደው። ውስጡ ያለው ሥዕል በጨርቅ ተሥሎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው። ግድግዳው ቢረጥብ ኖሮ ጨርቁ ዛሬ ላይ አይደርስም ነበር። አንቺም ዝናብ በሚመታው በኩል ግማሽ ሜትር የሚወጣ ክዳን ብታስጨምሪ ቤትሽን አያስቀይመውም።

ከዚያ ሲሚንቶውን ከመጋጠሚያው አስወጪ። በመሮና በመዶሻ፣ በትዕግሥት፣ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት። መፍጫ ማሽን የድንጋዩን ጠርዝ ስለሚበላ አልወደውም። በመስኮትሽ ዙሪያ ቀዩ ለስላሳ ድንጋይ ካለ ጭራሽ እንዳታስነኪው። ቫርኒሹ በቀለም ማስለቀቂያ ይነሳል፤ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክሪው። ሙሉ በሙሉ ባይለቅ አትጨነቂ። ድንጋዩ ድሮም አይተነፍስም፤ ዋናው መጋጠሚያው ላይ ያለው መልቀቁ ነው።

መሙያው አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ የታጠበ የወንዝ አሸዋ ነው። «ለጥንካሬ» ብለው ሲሚንቶ ጣል የሚያደርጉ ግንበኞች አሉ። ቆመሽ ተቆጣጠሪ። ዱቄቱን ኖራ በውሃ ነክረሽ በበርሜል አንድ ሁለት ሳምንት ብታቆዪው የተሻለ ይሠራል። ድንጋይ ሆኖ የሚመጣው ያልበረደ ኖራ ከሆነ ግን ይፈላል፣ ዓይን ያጠፋል። ሁልጊዜ ኖራውን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ ኖራው አታፍስሺ። መነጽርና ጓንት ግድ ነው። ከመሙላትሽ በፊት መጋጠሚያውን በውሃ አርሺው፤ ከሞላሽ በኋላ እርጥብ ጆንያ አልብሺውና ለቀናት ፀሐይ አይንካው። ኖራ ቶሎ ከደረቀ ይፈረፈራል።

አሁን መስማት የማትፈልጊውን ልንገርሽ። ለጥምቀት አይደርስም። ወፍራም ግድግዳ የሚደርቀው በወር 2.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ያውም ከተመቸው። የአንቺ ግድግዳ በሁለቱም በኩል ቢተነፍስ እንኳ አሥር ወር ይፈልጋል። ስለዚህ በዚህ ዓመት ከውስጥ አትለስኚ። ጀሶውን አስነሺ፣ ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ ጥረጊ፣ በውሃ እንዳታጥቢው፤ ጨውን መልሶ ያስገባዋል። ድንጋዩን እንዳለ ተዪው። የፋሲለደስን መዋኛ ሊያይ የመጣ እንግዳ ሳሎን ውስጥ የጎንደር ድንጋይ ቢያይ ምን ይከፋዋል? ለእኔ ከነጩ ጀሶ እሱ ይበልጣል። በሚቀጥለው ዓመት ልስን ካሻሽ በኖራ አስለስኚ፣ በኖራ ውሃ ቀቢው።

ሥዕሉን ዛሬውኑ አውርጂው። ደረቅና ነፋሻ ጥላ ውስጥ አቁሚው፤ ፀሐይ ላይ አይሁን። ሻጋታው ከደረቀ በኋላ አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ፣ ደጅ፣ ጀርባውን ብቻ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊ። በረኪና እንዳይነካው። ፊቱም ላይ ሻጋታ ካለ ለሠዓሊው ውሰጂለት፤ አንቺ አትሞክሪው። የብራና ሥዕል ካለሽ ይሄን ግድግዳ ጭራሽ አታሳዪው፤ ብራና በእርጥበት ይጨማደዳል።

መልሰሽ ስትሰቅዪ በፍሬሙ ጀርባ አራቱም ማዕዘን ላይ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት ለጥፊ፤ አየር በመሃል ይለፍ። ምስማሩን ድንጋዩ ላይ ሳይሆን መጋጠሚያው ላይ ምቺ፣ የማይዝግም ይሁን። ተራ ብረት ከሆነ እርጥብ ኖራ ውስጥ ይዝግና ቡናማ መስመር ይለቅብሻል።