ወንድምሽን መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ውሰጂው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ወንድምሽ ከተከራየበት ቤት ወጥቶ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ በረንዳ ላይ ማደር ጀምሯል፤ አረቄውም ጫቱም ብሶበታል፤ በዚያ ላይ ያስለዋል። «ሱሱንም፣ ማደሪያውንም፣ ጤናውንም የሚይዝልኝ አንድ ቦታ የት ነው?» ብለሻል። እኔም ታናሽ ወንድሜን ይዤ በዚሁ በአዲስ አበባ መሀል ከተማ ብዙ በር ስላንኳኳሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

ሦስቱን ባንድ ላይ የሚሰጥ ቦታ ስትፈልጊ ጊዜሽ እንዳያልቅ። ሕክምናው በጤና ተቋም በኩል ነው፤ ማኅበራዊ ድጋፉ በወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ በኩል። አንዱ ቢሮ ሌላው ምን እንደወሰነ አያውቅም፤ ወረቀቱን የምታመላልሺው አንቺ ነሽ። የመጀመሪያው ወረቀት ደግሞ የሚወጣው ከጤና ጣቢያ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን አደራ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ አትቀምስም» ብላችሁ በር እንዳትዘጉበት። በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ሰው ባንዴ ሲያቆም መንቀጥቀጡና ላቡ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጠው ይችላል፤ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ ትኩሳት፣ የሌለ ሰው ማየት ሊመጣ ይችላል። ይሄ ነገር ሰው ሊገድል ይችላል። ወንድሜ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ እንኳ ወደ አፉ ማድረስ አቅቶት፣ ሻዩ ደረቱ ላይ ሲፈስ ጎረቤት «ብርድ መቶት ነው» ይል ነበር። ሐኪም ዘንድ በዲያዜፓምና በቫይታሚን ቢ1 በሰላም የሚወጣበት መንገድ አለ። ካንፈራገጠው በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፤ ክብሪት አታሽትቱት፤ አምቡላንስ ለመጥራት 907 ወይም 939 ደውሉ። ደክሞታል ተብሎ ክሊኒክ ግሉኮስ ሊሰቀልለት ከሆነም አስቀድመሽ «በየቀኑ ይጠጣል» በያቸው። ቫይታሚኑን ሳያገኝ ግሉኮስ ብቻ ከገባለት አንጎሉን ሊጎዳው ይችላል። እሱ አፍሮ አይናገርም፤ አንቺ ተናገሪለት።

ጤና ጣቢያ በማለዳ ሂዱ። ሳሉ 2 ሳምንት ካለፈው አክታውን ይመረምሩታል፤ በመንግሥት ተቋም የቲቢ ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ነው፤ የኤች አይ ቪውም እንደዚያው። ቲቢ ከተገኘበት የመድኃኒቱ ጊዜ ወራት ይፈጃል፤ ጉበት ላይም ስለሚከብድ አረቄውን ለሐኪሙ መደበቅ አይቻልም። ሪፈር ሲጻፍለት ሳሉም መጠጡም እንዲጠቀስ ጠይቂ። ያንን ይዛችሁ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ወይም ጳውሎስ ሆስፒታል ትሄዳላችሁ፤ ሁለቱም ሱስን ያክማሉ። የአማኑኤልን ስም ሲሰማ «እኔ እብድ ነኝ ወይ?» ብሎ ይቆጣ ይሆናል። ወንድሜም እንደዚያ ነበር፤ ወረፋ ላይ አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ ስለራሱ መጠጥ ሲያወራለት ነው ልቡ የተረጋጋው። አልጋ ቶሎ ላይገኝ ይችላል፤ ቢሆንም በተመላላሽ ይጀምር፤ ቀጠሮውን አታሳልፉ። እዚያ ሳላችሁ ሶሻል ወርከሩን ጠይቀሽ አግኚ። ሰው ሁሉ ዶክተሩን ብቻ አይቶ ይመለሳል፤ ለወረዳ የሚሆነውን ደብዳቤ እንዴት እንደምታገኚ የሚነግርሽ ግን እሱ ነው።

ወረዳ ላይ የሚጠየቀው መታወቂያ ነው። በረንዳ ያደረ ሰው መታወቂያው ወይ ጠፍቷል ወይ ጊዜው አልፏል፤ ስለዚህ ሕክምናው ሲጀመር ይሄንንም ጎን ለጎን ጀምሪው። ቤተሰባችሁ በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ ከተነሱት ከሆነ ፋይሉ የቱ ወረዳ እንዳለ አጣሪ፤ ወረዳ ከቀየረ መሸኛ ያስፈልገዋል። መክፈል ለማይችል ሰው የጤና መድኅን መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ፤ የሚለየው ወረዳው ስለሆነ ምዝገባው መቼ እንደሆነ ጠይቂ። የከተማ ሴፍቲኔቱም ጎዳና ላይ ያሉትን የሚያቅፍበት ክፍል ነበረው፤ አሁንም እንዳለ እዚያው ጠይቂ።

ማደሪያው ከሁሉም ይከብዳል። መቄዶንያ የሚያነሳው ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማንን ነው፤ ስድስት ኪሎ ያሉት የማዘር ቴሬዛ እህቶችም ታሞ የወደቀን፣ ሰው የሌለውን ነው። እህት ያለችው፣ በእግሩ የሚሄድ ጎልማሳ እዚያ ቦታ ያገኛል ብዬ ተስፋ ልሰጥሽ አልፈልግም። እኛን ያዋጣን አንዲት ክፍል ተከራይቶ ከዘመድ ጋር ማኖር ነበር። አከራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ካለሽ፣ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከ2 ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይፈቀድለትም፤ ውሉም ቢያንስ የ2 ዓመት ሆኖ መመዝገብ አለበት። ብቻ ክፍሉ አረቄ ቤትና ጫት ቤት ከተደረደረበት ቅያስ ይራቅ፤ ኪራዩ ትንሽ ቢጨምርም ይራቅ። እስከዚያው ለምግብ የከተማው ተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከላት በቀን አንዴ በነፃ ያበላሉ።

አረቄውን ብቻ ነጥላችሁ እንዳታሳክሙት። ከሰዓት የቃመ ሰው ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጭብሲ ብሎ ይጠጣል፤ ጫቱ ካለ መጠጡ ይመለሳል። ጫት ማቆም እንደ አረቄ ለሕይወት አያሰጋም፤ ድብርቱና ዱካኩ፣ ማለትም የሌሊት ቅዠቱ፣ ግን ከባድ ነው። ወንድሜ በዱካክ እየጮኸ ሲነሳ እናታችን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ፀበል ካልወሰድኩት አለች። ወሰደችው፤ መድኃኒቱን ይዞ ሄደ፣ እዚያም በሰዓቱ ዋጠ። እናትሽም እንደዚያ ካሉ አትከራከሪያቸው፤ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ብቻ ለምኛቸው። ድብርቱ በርትቶ ስለ መሞት ማውራት ከጀመረ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ያን ቀኑኑ ውሰዱት።

የግል ማገገሚያ ካሰባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ፈቃዱን አሳዩን በሉ፤ ሌሊት የሚያድር የጤና ባለሙያ መኖሩን ጠይቁ፤ ቤተሰብ መቼ እንደሚጠይቀው ይንገሯችሁ። «ሦስት ወር አትምጡ» የሚል ቦታ አታስገቢው። አሁን ያላችሁበትን ወረዳ ጻፊልኝ፤ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚቀርባችሁ አብረን እናያለን።